የጭቃው ጅብና የልጆቻችን እጅ

ሕፃን ልጅ ጭቃ ካገኘ እጁን ሳያስገባበት አያልፍም። ይህንንም የሚያደርገው ባለጌ ሆኖ አይደለም፤ ዓለምን አስቀድሞ የሚያውቃት በመዳፉና በጣቶቹ ስለ ሆነ ነው። ለስላሳውንና ሻካራውን፣ የሚያሙለጨልጨውንና የሚጣበቀውን እየዳሰሰ ይለያል፤ ጣቶቹም እየበረቱ ሄደው ነገ እርሳስ ለመያዝ ይዘጋጃሉ። ስለዚህ ወላጆች ቀኑን ሙሉ «ጭቃ አትንካ» እያሉ ከሚጮኹ ይልቅ፣ ጭቃው ንጹሕ ይሆን ዘንድ ቢደክሙ የሚሻል ይመስለናል።

ከአርባ ምንጭ ወደ ሶዶ በሚወስደው መንገድ፣ ከአባያ ሐይቅ በስተምዕራብ በምትገኘው በጫኖ የዚህ ጨዋታ ዕቃ ሞልቷል። የሙዝ ቅጠል ዓይን ዓይኑ ተቀዶ ከፊት ላይ ሲታሰር ጅብ ያደርጋል። ጭቃም በልጅ እጅ ሲገባ አዞ ይሆናል፤ ጥርሱ ከስንጥር ይሠራለታል። የሙዝ ውሃ ልብስ ላይ ከነካ እንደማይለቅ እናቶች ያውቁታልና፣ ለዚህ ጨዋታ አሮጌ ልብስ ማልበስ ይበቃል።

ልጆች የሚያስፈራውን ነገር መውደዳቸው ብዙ ወላጆችን ያስገርማል። ነገር ግን ልጅን ለማስተኛት በጨለማ «አያ ጅቦ መጣ!» ማለትና ልጁ ራሱ በጠራራ ፀሐይ ጅብ መሥራቱ አንድ አይደሉም። በመጀመሪያው ልጁ እንቅልፍ ያጣል፤ በሁለተኛው ጅቡን በገዛ እጁ አድቦልቡሎ፣ ጆሮውን ቈንጥጦ፣ ሲበቃው ያፈርሰዋል። የሚያለቅስ ልጅ ካለ ግን ጭምብሉ ወዲያው ይውለቅ። የሐይቁ አዞ ደግሞ የእውነት ነውና የእርሱ ፍርሃት ከልጆች ልብ እንዳይጠፋ፤ ለጨዋታ የሚሆን ጭቃም ከሐይቅ ዳር አይምጣ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። ለዓይን ንጹሕ የሚመስል አፈር የማይታይ ጠላት ይሸሽጋል። አንዲት የወስፋት ትል በቀን እስከ 200,000 የሚደርስ ዕንቍላል ትጥላለች። ይህም ከሰው ዓይነ ምድር ጋር ሜዳ ላይ ሲወድቅ፣ በሞቃትና በእርጥብ አፈር ውስጥ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ቈይቶ ሰውን ለመልከፍ ይደርሳል፤ ከዚያም በልጅ ጥፍር ሥር ገብቶ ከእንጀራው ጋር ይዋጣል። መንጠቆ ትል የሚባለው ደግሞ አፍ አያስፈልገውም፤ በባዶ እግር ቆዳ በኩል ሰርስሮ ገብቶ፣ በአንጀት ተጣብቆ ደም ይመጣል። ልጁም ይገረጣል፤ ትምህርትም ይከብደዋል። ስለዚህ ለጨዋታ የሚሆነው አፈር ከመጸዳጃ፣ ከከብት በረትና ከዶሮ ማደሪያ ርቆ፣ ላዩ ተገፎ፣ ከጥልቅ የወጣ ይሁን፤ የሚቦካበትም ውሃ ንጹሕ ይሁን። ልጆች ጫማ ያድርጉ። የትል መድኀኒት በጤና ጣቢያ ወይም በትምህርት ቤት ሲታደል ማንም አይቅር።

ገና የሚድኽና ሁሉን ወደ አፉ የሚያገባ ልጅ ግን ጭቃ ባይሰጠው ይሻላል። ለእርሱ ወጥ ቤት አለለት። አንድ እፍኝ ተልባ በፈላ ውሃ ተዘፍዝፎ ሲበርድ ይዝለገለጋል፤ ታላላቆቹ «የጭራቅ ልጋግ» ቢሉት አንፈርድባቸውም። የቀይ ሥር ቅቅል ውሃ ደም የመሰለ ቀለም ይሰጣል። እህል ማባከን ነውር ነው የሚሉ አያቶች እውነት አላቸውና ከእፍኝ አይብለጥ፤ የተረፈውም ለዶሮ ይሰጥ። ጥሬ ካሳቫ ግን መርዝ ስላለበት ለዚህ አይሁን። የጉሎ ፍሬና አስተናግር ከቶ በልጅ እጅ አይግቡ፤ የጉሎ ፍሬ መልኩ ያማረ ነው፤ ተኝኮ ከተዋጠ ግን ሊገድል ይችላል። ባቄላና ሽምብራም 3 ዓመት ያልሞላው ልጅ ጉሮሮና አፍንጫ ውስጥ ይሰነቀራሉ፤ የጅብ ዓይን ይሆናሉ ተብሎ አይሰጡ።

ጨዋታው ሲያበቃ እጅ በሚወርድ ውሃና በሳሙና፣ ሳሙና ከጠፋ በዐመድ፣ እስከ ክንድ ድረስ ይታጠብ፤ ጥፍርም ይቈረጥ። በአንድ ሳፋ ውሃ ሁሉንም ልጆች ማስታጠብ የአንዱን እድፍ ለሌላው ማከፋፈል ነው። ፊትም አይረሳ፤ በዝንብ የተወረረ ዓይን ለትራኮማ መንገድ ይከፍታልና።

ጭቃ የተቈፈረበትስ ጕድጓድ? ጫኖ ቈላ ናት፤ ወባም ታውቃታለች። የወባ ትንኝ ፀሐይ የሚያገኘውን ትንሽ ኩሬ ትወዳለች፤ በሙቀት አገር ዕንቍላሏ በ1 ወይም በ2 ሳምንት ውስጥ የሚበር ትንኝ ይሆናል። ስለዚህ ከመሸ በፊት ጕድጓዱ በአፈር ይደፈን፤ የጨዋታው ውሃም ይደፋ። ደፋኞቹ ልጆቹ ራሳቸው ቢሆኑ ደግሞ ጅቡን እንደ መቅበር ይቈጥሩታል፤ ከዚያም ታጥበው አጎበር ውስጥ ይገባሉ።