ቦምብ የማይፈራው ትኋን

በ2009 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የኦሃዮ ግዛት ግብርና መሥሪያ ቤት ለፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ አንድ ማመልከቻ አስገባ። ፕሮፖክሰር የሚባለውን ፀረ ተባይ ሰው በሚኖርበት ቤት ውስጥ ለመርጨት የተለየ ፈቃድ ይሰጠኝ የሚል ነበር። ስሙ እንግዳ ቢመስልም አዲስ አበባ ያደገ ሰው ጠረኑን ሳያውቀው አይቀርም፤ የቀድሞው ባይጎን ገዳይ ንጥረ ነገሩ ፕሮፖክሰር ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ የወባ ትንኝን ለመከላከልም ግድግዳ ላይ ተረጭቷል። አሜሪካ ግን ከመኖሪያ ቤት ውስጥ ርጭት ካስወጣችው ያኔ ገና ሁለት ዓመት ቢሆነው ነበር። ኦሃዮ ያንኑ መልሱልኝ ብላ ደጅ የጠናችው በትኋን ተማርራ ነበር።

መልሱ በ2010 መጣ፦ አይሆንም። ፕሮፖክሰር የሚገድለው ነርቭን በማወክ ነው፤ የነፍሳትን ብቻ ሳይሆን መጠኑ ከበዛ የሰውንም። መኝታ ቤት ውስጥ ከተረጨ ወለል ላይ የሚድኸውንና ያገኘውን ሁሉ አፉ የሚከተውን ሕፃን ይጎዳል ሲል ኤጀንሲው ከለከለ። በእኔ ግምት ክልከላው ልክ ነበር፤ ሌሊቱን ሲያክ ያደረ ሰው ግን እንዲህ ያለውን ፍርድ በቀላሉ አይቀበልም።

ለመሆኑ በዚያ ሁሉ የመድኃኒት ብዛት መካከል ኦሃዮ አንድ ያረጀ መርዝ ለምን አማራት? ነገሩ የሚጀምረው ከዲዲቲ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ዲዲቲ የአሜሪካን ትኋን ሊያጠፋው ምንም ያህል አልቀረውም ነበር። ሆኖም ገና በ1947 ሃዋይ፣ ፐርል ሃርበር በሚገኝ የወታደሮች ማደሪያ ዲዲቲ የማይገድላቸው ትኋኖች ተገኙ። ዲዲቲ ነርቭ ላይ ያለውን የሶዲየም መተላለፊያ በር ይይዛል። በሩ ተከፍቶ መዘጋት ሲገባው እንደ ሽብልቅ ይገባበትና ክፍቱን ያስቀረዋል፤ ነፍሳቱ እየተንዘፈዘፈ ይሞታል። ዛሬ በየሱቁ የሚሸጡት ፍሊቶች አብዛኞቹ ፓይረትሮይድ ከሚባለው ቤተሰብ ናቸው፤ ኬንያ በሰፊው ስታመርተው የኖረችውን የፓይረትረም አበባ መርዝ አስመስለው በፋብሪካ የተሠሩ። እነሱም የሚይዙት ያንኑ በር ነው! የበሩ ቅርጽ በዘር ለውጥ ትንሽ የተዛባበት ትኋን ለዲዲቲም ለፓይረትሮይድም ግድ የለውም። ስለዚህ በ1990ዎቹ መጨረሻ ትኋን ከመንገደኛ ሻንጣና ከአሮጌ ፍራሽ ጋር ወደ አሜሪካ ከተሞች ሲመለስ፣ አያቶቹ ከዲዲቲ ጋር በገጠሙት ጦርነት ያተረፉትን መከላከያ ይዞ ነው የመጣው። ሌላም አለው። በ2016 የታተመ የሲድኒ ተመራማሪዎች ጥናት መድኃኒቱን የሚቋቋሙት ትኋኖች ቆዳቸው ከሌሎቹ የወፈረ መሆኑን አሳይቷል፤ መርዙ ዘልቆ ሳይገባ ይቀራል። ፕሮፖክሰር ግን የሚነካው በሩን ሳይሆን የነርቭ መልእክት ካለፈ በኋላ የሚያጸዳውን ኢንዛይም ነው። ኦሃዮ የፈለገችው ይህንን ልዩነት ነበር።

ይህ መድኃኒት የማይገድለው ትኋን በአንድ ሰፈር ውስጥ እንዴት እንደሚኖር ለማየት አሁን ወደ ሊንደን እንሂድ። ከኦሃዮዋ ኮለምበስ መሀል ከተማ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ ክሊቭላንድ አቬኒውን ይዞ የተዘረጋ የሠራተኛ ሰፈር ነው። ቤቶቹ በአብዛኛው ያለፈው መቶ ዓመት የእንጨት ቤቶች ሲሆኑ፣ መሀላቸው አንድ ግድግዳ የሚጋሩ የሁለት ቤተሰብ ቤቶችም አሉ፤ የኮለምበስ ሰው «ደብል» ይላቸዋል። ከቤቶቹ ጀርባ የቆሻሻ መኪና የሚያልፍበት ቀጭን መንገድ አለ፤ የወሩ መጨረሻ ሲደርስና ተከራይ ሲለቅ ሶፋውና ፍራሹ እዚያ ይወጣል። ኮለምበስ ሶማሌው፣ ሐበሻው፣ ሌላውም መጤ ኑሮን ከዜሮ የሚጀምርባት ከተማ ናት፤ ለአዲስ መጤ ደግሞ መንገድ ዳር የተቀመጠ ደህና ሶፋ የእግዜር ስጦታ ይመስለዋል። ትኋን ክንፍ የለውም፣ አይዘልም፤ ከቤት ወደ ቤት የሚሄደው ሰው ተሸክሞት ነው። አንዴ ከገባ ግን በደብሉ የጋራ ግድግዳ፣ በሶኬቱ ቀዳዳና በቧንቧው ዙሪያ ወደ ጎረቤት ይሻገራል። አከራዩ ገንዘብ ቆጥቦ የአንዱን ወገን ብቻ ካሳከመ፣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ትኋኑ ከግድግዳው ማዶ ይመለሳል። ይህን ስስት የተባይ ማጥፋት ባለሙያዎች በየቀኑ ያዩታል።

ተከራዩ መጀመሪያ የሚያደርገው ሱቅ ሄዶ «ቦምብ» መግዛት ነው። ክፍሉ መሀል ተቀምጦ ሲጫኑት መርዙን በጭጋግ መልክ የሚተፋው ቆርቆሮ ነው፤ ስሙ ራሱ የሚያስፈራ። የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ግቢ ከሊንደን በስተምዕራብ፣ አውራ ጎዳና 71ን እንደተሻገሩ ያለ ነው። እዚያ የነፍሳት ተመራማሪ የሆኑት ሱዛን ጆንስ ይህን ቆርቆሮ ፈተኑት። ከሱቅ የተገዙ ሦስት ዓይነት ቦምቦችን ከኮለምበስ ቤቶች በተሰበሰቡ አምስት የትኋን ወገኖች ላይ ሞከሩ፤ ውጤቱ በ2012 ታተመ። ከአምስቱ አራቱ ከምንም አልቆጠሩትም። ለማነጻጸሪያ የቀረበው ስድስተኛ ወገን ከሌላ ዘመን የመጣ ነበር፦ ሃሮልድ ሃርላን የተባሉ የጦር ሠራዊት የነፍሳት ባለሙያ በ1973 ኒው ጀርሲ ከሚገኘው ፎርት ዲክስ ሰብስበው፣ የራሳቸውን ደም እያበሉ ለዓመታት ያረቡት የዋህ ትኋን። ይህ ትኋን ጭጋጉ በቀጥታ ሲያገኘው ሞተ፤ ስስ ጨርቅ ሥር ሲገባ ግን እሱም ተረፈ። ጭጋግ ከላይ ይወርዳል እንጂ ስንጥቅ ውስጥ አይገባም፤ ትኋን ደግሞ ቀኑን የሚያሳልፈው ስንጥቅ ውስጥ ነው። ቦምቡ ጋዝ ምድጃ አጠገብ ከተለኮሰ በእርግጥም ይፈነዳል። አልኮል የሚረጩም አሉ፤ በ2017 እዚያው ኦሃዮ ውስጥ ሲንሲናቲ ላይ ትኋን ለመግደል በፈሰሰ አልኮል ቤት ተቃጥሎ ሰዎች ያለ መጠለያ ቀርተዋል።

ታዲያ ባለሙያው ምን የተለየ ነገር ያመጣል? ስለ መድኃኒቱ ከማውራቱ በፊት የሚጠይቀው «የት ነው የምትተኙት? ቴሌቪዥን ስታዩ የት ትቀመጣላችሁ?» ብሎ ነው። ትኋን በትንፋሻችን ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ በሙቀታችንና በጠረናችን ስለሚመራ ብዙውን ጊዜ ከተኛው ሰው ሁለት ሦስት ሜትር አይርቅም። ከዚያ በባትሪ መብራትና በቀጭን ካርድ የፍራሹን ስፌት፣ የአልጋውን መገጣጠሚያ፣ የራስጌውን ብሎን ቀዳዳ አንድ በአንድ ይበረብራል። የሚፈልገው ሕያው ትኋን ብቻ አይደለም፤ በቀለም እስክሪብቶ የተነካ የሚመስል ጥቁር ነጥብ፣ የተጣለ ቆዳ፣ የተጣበቀ ነጭ እንቁላልም ምስክር ነው። አስቀድሞ የሚከለክለው ነገር ሰውን ይገርማል፦ አልጋ አትቀይሩ። መኝታ ቤቱን ትቶ ሳሎን ሶፋ ላይ የተኛ ሰው ትኋኑን ከኋላው አስከትሎ ቤቱን በሙሉ ያስወርራል።

የአልጋው እግሮች ሥር የሚያስቀምጠውን የፕላስቲክ ሳህን ያየ የአገር ቤት ሰው ፈገግ ይላል፤ እኛ ዘንድ በጣሳ ውስጥ ጋዝ አድርጎ አልጋ የሚያቆም ነበርና። አሠራሩ አንድ ነው። ትኋን በልሙጥ ፕላስቲክ ላይ መውጣት ስለማይችል ሲገባ ገብቶ ይቀራል፤ ባለሙያው በሳምንቱ መጥቶ ይቆጥራል። ስንጥቆቹ ውስጥ የሲሊካ ብናኝ ይነፋል፤ ብናኙ የትኋኑን ቆዳ የሸፈነውን ሰም ይመጥና ውኃውን አሟጦ ያደርቀዋል፤ ነርቭ ላይ የሚሠራ መርዝ አይደለምና የበሩ መለወጥ አያድነውም። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ቦቬሪያ የተባለ ፈንገስ ተጨምሯል፤ ትኋኑ ዘሩን በእግሩ ይዞ መደበቂያው ድረስ ይወስድና ያልተነኩትንም ይበክላቸዋል።

ፈጣኑ መንገድ ሙቀት ነው፤ ውድም ነው። ማሞቂያና ትልልቅ ማራገቢያ አስገብተው ቤቱን ከ50 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ለሰዓታት ያቆዩታል። ጎልማሳ ትኋን 48 ዲግሪ ላይ ብዙ አይቆይም፤ እንቁላሉ ግን በዚያው ሙቀት ከአንድ ሰዓት በላይ ይቋቋማል። ስለዚህ የባለሙያው ጭንቀት የክፍሉ መሀል ስንት ዲግሪ ደረሰ የሚለው አይደለም፤ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ፣ በተቆለለው ልብስ ውስጥ ስንት ደረሰ የሚለው ነው። ለልብሱ እንኳ ሌላ ሰው አያስፈልግም፦ ድራየር ውስጥ በከፍተኛው ሙቀት ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ሙቀት የማይችል ዕቃ ደግሞ 18 ዲግሪ ከዜሮ በታች በሆነ ፍሪዘር አራት ቀን ይቆያል። ሙቀት የማያነሳው ግን አንድ ነገር አለ። በ2018 የወጣ የሰሜን ካሮላይና ተመራማሪዎች ጥናት ትኋን በነበረባቸው ቤቶች አቧራ ውስጥ ሂስታሚን አግኝቷል፤ አለርጂ ሲነሳብን ሰውነታችን የሚያመነጨው ያው ንጥረ ነገር ማለት ነው። ትኋኖቹ በሙቀት ከሞቱ ከሦስት ወር በኋላም አልጠፋም ነበር።

በመድኃኒት የተጀመረ ሥራ በአንድ ቀን አያልቅም። እንቁላሉ ከስድስት እስከ አሥር ቀን ውስጥ ስለሚፈለፈል ባለሙያው በሁለት ሳምንት መመለስ አለበት። አንድ ጊዜ ብቻ መጥቶ ዋስትና የሚሰጥ ሰው ካጋጠማችሁ አትመኑት፤ ኦሃዮ ውስጥ በክፍያ የሚረጭ ድርጅት ከግዛቱ ግብርና መሥሪያ ቤት ፈቃድ ሊኖረው ይገባል፤ ፈቃዱን መጠየቅ ነውር የለውም። ነውር የሆነብን ሌላው ነው፦ ትኋን አለብኝ ማለት። ጎረቤት ቡና አይጠጣልኝም ብሎ ወራት የሚደብቅ ብዙ ነው። ትኋን የሚፈልገው ደም ነው፤ የታጠበ ቤትና ያልታጠበ ቤት አይለይም፤ በሽታ ማስተላለፉም እስካሁን አልተረጋገጠም። የተደበቀበት ወር ሁሉ ግን ለአንዷ ሴት ትኋን ብዙ እንቁላል የምትጥልበት ወር ነው።

አከራዩ ዝም ካለ ሕጉ አለ። የኦሃዮ ሕግ አከራይ ቤቱን ለመኖሪያ የሚሆን አድርጎ እንዲይዝ ያዛል። ተከራዩ በጽሑፍ ካሳወቀና በ30 ቀን ውስጥ ካልተስተካከለለት ኪራዩን ለፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ማስያዝ ይችላል፤ ኮለምበስ ውስጥ ይህ የሚሆነው በፍራንክሊን ካውንቲ ከተማ ፍርድ ቤት ነው። ሦስትና ከዚያ በታች ቤት ብቻ ያለውና ይህንኑ አስቀድሞ በጽሑፍ ያሳወቀ አከራይ ከዚህ ውጭ ነው። ኪራዩን በገዛ እጅ ማስቀረት ግን ከቤት ያስወጣል።

ምግብ ቤት ላለው ሰው የትኋንን ያህል የሚያስጨንቀው በረሮ ነው፤ ትንሹ ቡናማ፣ የጀርመን በረሮ የሚሉት። በስሙ አትታለሉ፤ በ2024 የወጣ የዘር ጥናት ከደቡብ እስያ፣ ከሁለት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት እንደተነሣ አሳይቷል። እንጀራ የሚጋገርበት፣ ወጥ ሌሊቱን ሙሉ ለብ ብሎ የሚያድርበት ኩሽና ሙቀትና እርጥበት ስላለው ይመቸዋል። እዚህም ርጭት ይበትነዋል እንጂ አይጨርሰውም፤ ባለሙያው ከማብሰያው ጀርባና ከዕቃ ማጠቢያው ሥር የሚያስቀምጠው ጣፋጭ የሆነ የመርዝ ጄል ነው። የበላው በረሮ ጎሬው ገብቶ ይሞታል፤ እዳሪውንና ሬሳውን የቀመሱት ልጆቹም ይከተሉታል።

እሱም ቢሆን መከላከያ አበጅቷል። በ1993 ጁልስ ሲልቨርማን የተባሉ ተመራማሪ ግሉኮስ የጠሉ በረሮዎችን አስታወቁ፤ ምክንያቱ የተገለጸው በ2013 ነው፦ ጣፋጭን የሚያውቀው የጣዕም ሕዋስ ብቻውን መሆኑ ቀርቶ መራራን የሚያውቀውም ለግሉኮስ ምላሽ መስጠት ጀምሯል። ስለዚህ ጥሩ ባለሙያ የጄሉን ዓይነት በየጊዜው ይቀያይራል። በረሮዎቹ ዘንድ ግን ነገሩ ሌላ ጣጣ አመጣ። ወንዱ ሴቷን የሚያባብለው ከጀርባው የሚያመነጨውን ጣፋጭ ፈሳሽ አልሶ ነው፤ ግሉኮስ የጠላችዋ ሴት ምራቋ ስጦታውን ወደ ግሉኮስ ሲለውጥባት ምርር ብሏት ጥላው መሄድ ጀመረች። ወንዶቹም ቶሎ የማይፈርስ ሌላ ስኳር የበዛበት ፈሳሽ ማመንጨትና፣ ሴቷ ፊቷን ሳታዞር ነገሩን በአጭሩ መጨረስ ለመዱ።