መስመሩ ሲሰመር የሚቆጠረው ማነው?

የምርጫ ክልል ወሰን ሲነሳ ብዙ ሰው “እኔ ገና ዜግነት አላገኘሁም፣ ምን አገባኝ” ብሎ ያልፈዋል። በአሜሪካ ሜሪላንድ ግዛት፣ በሞንጎመሪ ካውንቲ ለሚኖሩ ወገኖቻችን ግን ጉዳዩ በቀጥታ ያገባቸዋል። ካውንቲው ከዋሽንግተን ዲሲ ጋር ይዋሰናል፤ ሲልቨር ስፕሪንግን የመሳሰሉ የአገራችን ሰው በብዛት የሰፈረባቸውን አካባቢዎች ይዟል፤ ትምህርት ቤቶቹም ለወላጆች በአማርኛ ጭምር ይጽፋሉ። እዚያ ወሰን የሚሰመረው በነዋሪው ቁጥር ነው እንጂ በመራጩ ቁጥር አይደለም። ግሪን ካርድ የያዘውም፣ ገና ጉዳዩ ያላለቀለትም፣ ሕፃኑም ተቆጥሮ ገብቷል። የተቆጠረ ሰው ደግሞ መስመሩ በየት በኩል ማለፍ እንዳለበት የመናገር ሙሉ ምክንያት አለው።

ወሰን በየአሥር ዓመቱ ለምን እንደሚከለስ ክላርክስበርግ በደንብ ታሳያለች። በካውንቲው ሰሜናዊ ክፍል ያለችው ይህች ሰፈር በ2000 (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) 1,834 ነዋሪ ነበራት። በ2010 ቁጥሩ 13,766 ደረሰ፤ በ2020 ደግሞ 29,051። ሰው እንዲህ ሲጎርፍ ወሰኑ ባለበት ከቀረ፣ አንዱ ተመራጭ የሚወክለው ሕዝብ ከሌላው እየበዛ ይሄዳል፤ በተጨናነቀው ክልል የሚኖር ሰው ድምፅም በዚያው ልክ ይቀላል። የዚህ ጉዳት ጎልቶ የታየው በቴክሳስ ሚድላንድ ካውንቲ ነበር። ካውንቲው አራት የምርጫ ክልሎች ነበሩት፤ ከተማዋን ከሞላ ጎደል የጠቀለለው አንዱ 67,906 ሰው ሲይዝ፣ ሦስቱ የገጠር ክልሎች 852፣ 828 እና 414 ሰው ብቻ ነበራቸው። አራቱም እኩል አንዳንድ ተወካይ ያስመርጡ ነበር። 414 ሰዎች ወደ 68,000 ከሚጠጉ ሰዎች እኩል ተሰሙ ማለት ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1964 ለግዛት ምክር ቤቶች የደነገገውን የሕዝብ ቁጥር እኩልነት በ1968 ወደ አካባቢ አስተዳደሮችም ያወረደው ከዚህ በተነሳ ክስ ነው።

ሞንጎመሪ በዚህ መርህ ላይ የራሱን እርምጃ ጨምሯል። በ2020 ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ የካውንቲው ምክር ቤት የምርጫ ክልሎች ከአምስት ወደ ሰባት አደጉ፤ በመላው ካውንቲ የሚመረጡት አራት አባላት እንዳሉ ሆነው የምክር ቤቱ ወንበር ከዘጠኝ ወደ አሥራ አንድ ከፍ አለ። በዚያው ዓመት ቆጠራ የካውንቲው ሕዝብ 1,062,061 ነበር። በአምስት ቢካፈል ለአንድ ተመራጭ ከ212,000 በላይ ሰው ይደርሰዋል፤ በሰባት ሲካፈል 152,000 ገደማ። ተጨማሪ አባላት ወጪ ያመጣሉ የሚለው ቅሬታ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን 60,000 ሰው የቀነሰለት ተመራጭ የአቤቱታ ወረፋውም ያጥራል፤ እኔ ወጪው የሚገባ ነው ባይ ነኝ።

ከበድ ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው፤ ዜጋ ያልሆነ ሰው ሲቆጠር የዜጋው ድምፅ ሚዛን ይዛባል ይላል። ሁለት የቴክሳስ መራጮች ይህንኑ ይዘው እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዱ። ክርክሩ ባዶ አይደለም፤ ዜጋ ያልሆነ ሰው በሚበዛበት ክልል ጥቂት መራጮች አንድ ተወካይ ያገኛሉ። የፍርድ ቤቱ ዳኞች ግን በ2016 ሁሉም ተስማምተው አቤቱታውን ውድቅ አደረጉት። ተመራጩ የሚያገለግለው የመረጠውን ብቻ ሳይሆን በክልሉ የሚኖረውን ሁሉ ነው። ሕፃን አይመርጥም፤ የትምህርት ቤቱ በጀት ግን ይነካዋል። ግብር የሚከፍል ስደተኛም እንዲሁ። ሆኖም ፍርድ ቤቱ በነዋሪ ቁጥር መሄድ ይቻላል አለ እንጂ ሌላውን መንገድ አልዘጋም፤ ስለዚህ ይህ መብት ለዘለቄታው የተረጋገጠ ነው ብሎ መተኛት አይገባም።

ቁጥር እኩል መሆኑ ብቻውን ደግሞ ሰፈርን አያድንም። አሥር ሺህ ሰው የሚኖርበት አንድ ሰፈር 150,000 ሰው ባለው ክልል ውስጥ አንድ አሥራ አምስተኛ ነው። መስመሩ መሃሉን ሰንጥቆ ካለፈ በሁለቱም ክልሎች አንድ ሠላሳኛ ሆኖ ይቀራል፤ የአውቶቡስ መስመር ወይም የመንገድ መብራት ሲጠይቅ ሁለቱም ተመራጮች ወደ ሌላው ሊጠቁሙት ይችላሉ። ይህን ማለት በዘር ይከለል ማለት አይደለም፤ ዘርን ዋና መስፈሪያ ያደረገ ካርታ በፍርድ ቤት ሊወድቅ እንደሚችል ከ1993 ጀምሮ የታወቀ ነው። አንድ ትምህርት ቤት፣ አንድ ገበያና አንድ መንገድ የሚጋሩ ሰዎች አንድ ላይ ይቆዩ ማለት ግን ፍትሐዊ ጥያቄ ነው። የለመዱትን ተመራጭ ማጣት ያሳስበናል የሚሉ ነባር ነዋሪዎችም ስሜታቸው ይገባኛል፤ ቢሆንም ልማዳቸው የሚጠበቀው የአዲሱ ሰፈር ድምፅ እየቀለለ ከሆነ ዋጋውን የሚከፍለው ሌላ ሰው ነው።

ቀጣዩ ቆጠራ በ2030 ነው፤ ካርታው ከዚያ በኋላ ይከለሳል። በካውንቲው ቻርተር መሠረት የምርጫ ክልል ወሰን የሚከልሰው ኮሚሽን ያቀረበው ካርታ፣ ምክር ቤቱ በ90 ቀናት ውስጥ ሌላ ሕግ ካላወጣ እንዳለ ይጸድቃል። በመካከሉ የሕዝብ መስሚያ መድረክ አለ፤ እዚያ ለመናገር መራጭ መሆን አያስፈልግም። “ማኅበረሰባችን ይታሰብ” ብሎ ከመመለስ ይልቅ የመንገዱን ስም ጠርቶ፣ ልጆቹ የሚማሩበትን ትምህርት ቤት ጠቅሶ፣ መስመሩ ከየት ወደየት እንዲዞር በካርታ ላይ ማሳየት ለኮሚሽኑ የሚሠራበት ነገር ይሰጠዋል።