የቤተ ክርስቲያንን ሥዕል ያሣሉና የጠበቁ ሰዎች ክብር

በኢትዮጵያ የቤተ ክርስቲያን የግድግዳ ሥዕል የአንድ ሰው ሥራ ሆኖ አያውቅም። ወጪውን የሚችል ጌታ ወይም እመቤት አለ፤ ቀለሙን በጥብጦ ምስሉን የሚሥል ሠዓሊ አለ፤ በሁለቱ መካከል ደግሞ ሥራው እንዲጀመር የሚመክር፣ ሲካሄድ የሚቈጣጠር፣ ካለቀም በኋላ ከዝናብ፣ ከምስጥና ከጧፍ ጢስ የሚጠብቅ የደብሩ አለቃና ገበዝ አለ። ከእነዚህ መካከል መታሰቢያ የሚደረገው ለማን ነው? ለጥያቄው የሚሰጠው መልስ ሕዝቡ ክብርን የሚያይበትን ዐይን ይገልጣል።

በግልጽ የሚታየው ክብር የአሣዩ ነው። በጣና ሐይቅ በምትገኘው በናርጋ ሥላሴ፣ በ18ኛው መቶ ዓመት ቤተ ክርስቲያኒቱን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ በእመቤታችንና በልጇ እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል። ያችን አገር በልጃቸው በዳግማዊ ኢያሱ ስም ያስተዳድሩ የነበሩት እቴጌ፣ በሥዕሉ ላይ የተቀመጡት በዙፋን ሳይሆን በግንባራቸው ተደፍተው ነው። ነገር ግን ትሕትናው ክብርን አያስቀርም፤ በልብሳቸው ጌጥና በሥዕሉ ውስጥ በያዙት ስፍራ ማንነታቸው ወዲያው ይታወቃል። በአገሩ የሥዕል ሥርዐት ጻድቃን ሁለቱም ዐይናቸው እየታየ፣ ኃጥኣንና አጋንንት ግን በአንድ ዐይን ብቻ በጎን ይሣላሉ። አሣዩ ምንም ኃጢአተኛ ነኝ ቢል ባለ ሁለት ዐይን ሆኖ ይሣላል።

ከምስሉ ጋር ስም ይጻፋል። ስሙ የሚጻፈው ለተመልካች ዕውቀት ብቻ አይደለም፤ የሚያነበው ካህን በጸሎት እንዲያስበው ነው። ስለዚህ በግድግዳ ላይ የተጻፈ ስም ከተዝካርና ከዝክር ጋር አንድ ዐይነት ሥራ አለው። ሠዓሊው ብዙ ጊዜ ስሙን አለመጻፉ ከንቀት የመጣ ተደርጎ መታሰብ የለበትም። ሸክላ ሠሪውና ቀጥቃጩ በሕዝቡ ዘንድ ሲናቁ፣ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከካህናት ወይም ከደብተራዎች ወገን ስለ ነበረ፣ እጁ ከጸሐፊው እጅ ጋር ይቈጠር ነበር።

ከልማዱ ውጭ የሆነ ምስክር በዳጋ እስጢፋኖስ ይገኛል። በዐፄ ዘርአ ያዕቆብ ዘመን፣ ማለት እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ከ1434 እስከ 1468 ባለው ጊዜ፣ በእንጨት ሰሌዳ ላይ በተሠራ የእመቤታችን ሥዕል የንጉሡ ስም፣ የገዳሙ አበምኔት የይስሐቅ ስምና የሠዓሊው የፍሬ ጽዮን ስም በአንድነት ተጽፈዋል። አስተዳዳሪው በዘመኑ ስለ ተሠራው ሥራ ከንጉሥና ከሠዓሊ ጋር ተሰልፎ የሚታይበት እንዲህ ያለ ጽሑፍ ብዙ አይደለም።

የተጻፈ ስም ግን ሊሰረቅ ይችላል። በብራና መጻሕፍት ውስጥ የመጀመሪያው ባለቤት ስም ተፍቆ የኋለኛው የገባበት ቦታ ለብዙ ተመራማሪ የታወቀ ነው። በብዙ መጻሕፍት መጨረሻ፣ የሰረቀው ወይም የፋቀው በጴጥሮስና በጳውሎስ ቃል የተወገዘ ይሁን የሚለው ግዝት የሚጻፈው ለወግ ያህል አይደለም። ስሙ የተፋቀበት ሰው የሚያጣው ጸሎቱን ነው፤ ውግዘቱም የከበደው ስለዚህ ይመስላል።

የገበዝ ነገር ከዚህ ይለያል። ገበዝ የንዋየ ቅድሳቱ ጠባቂ፣ የዕቃ ቤቱም ኀላፊ ነው። በየመጻሕፍቱ ባዶ ገጾች ላይ የሚገኘው የንዋያት ቈጠራ የዚህ ሥራ ዱካ ነው። ብዙው የግድግዳ ሥዕል በጥጥ ጨርቅ ላይ ተሥሎ የሚለጠፍ ስለ ሆነ፣ ጣራው ካፈሰሰ ጨርቁ ይላቀቃል፤ ሣሩን በጊዜው ማስከደን የገበዙ ጭንቀት ነው። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባ ነገር አለ። ገበዙ ሥራውን በሚገባ ከፈጸመ፣ የቀድሞው አሣይ ምስልና ስም ይኖራል፤ የገበዙ ግን አይጻፍም። ቸል ካለና ሥዕሉ ከጠፋ፣ ሌላ ባለጸጋ ያሣልና አዲስ ስም ይጻፋል። በሁለቱም መንገድ ጠባቂው ከግድግዳው ውጭ ነው። ለእርሱ የተለየው ክብር ሌላ ነበር፤ የአገልግሎት መሬት፣ ካባ፣ የማዕርግ ስም፣ ሲሞትም በደብሩ ቅጽር ውስጥ መቀበር።

በ20ኛው መቶ ዓመት ሥዕል ከቤተ ክርስቲያን ወደ አደባባይ ሲወጣ የክብሩ መንገድም ተለወጠ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የሽልማት ድርጅት፣ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1964 ለአፈወርቅ ተክሌ፣ በ1965 ለገብረ ክርስቶስ ደስታ፣ በ1967 ለእስክንድር ቦጎስያን የሥነ ጥበብ ሽልማት ሰጠ። አፈወርቅ በአዲስ አበባ በአፍሪካ አዳራሽ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነውን የመስተዋት ሥዕል የሠሩ ናቸው። ቀድሞ ከግድግዳው ተሰውሮ የነበረው ሠዓሊ አሁን የመጀመሪያውን ስፍራ ያዘ፤ አሣዩም ወደ ኋላ አለ። ሆኖም ገብረ ክርስቶስና እስክንድር ያስተማሩበት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በ1950 ዓ.ም. የተከፈተው በአለ ፈለገ ሰላም ድካም ነው። እርሳቸውም ሠዓሊ ሲሆኑ፣ ዘመናቸውን በብዛት የሰጡት ለማስተዳደርና ለማስተማር ነው። ክብራቸው በመጨረሻ የመጣው በስም ነው፤ ትምህርት ቤቱ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። ይህ ከግድግዳ ጽሑፍ ልማድ እጅግ የራቀ አይደለም። ልዩነቱ፣ ስሙን የሚጠራው ካህን ሳይሆን ተማሪው መሆኑ ነው።

የንጉሠ ነገሥቱ የሽልማት ድርጅት ከ1966 ዓ.ም. አብዮት ጋር ቀረ። በ2005 ዓ.ም. የተጀመረው የበጎ ሰው ሽልማት ከኪነ ጥበብ ሌላ ለቅርስና ባህል የተለየ ዘርፍ አለው፤ በዚህም ሠሪውና ጠባቂው በሁለት መዝገብ ተለይተው ይታያሉ። በየክብረ በዓሉም ከምስክር ወረቀትና ከሜዳልያ ጋር ካባ ማልበስ አልቀረም፤ ካባውም ለሠሪውም ለጠባቂውም አንድ ዐይነት ነው።