በፖስታ የሚመለስ ፊርማ፦ ሰብሳቢዎች በጆሮ የሚነጋገሩት

በአሜሪካ የቤዝቦል ካርድ ሰብሳቢዎች ዘንድ ጮክ ተብሎ የማይወራ ነገር አለ። የተፈረመበት ካርድ በውድ ከሱቅ ከመግዛት ይልቅ፣ ካርዱን ለተጫዋቹ በፖስታ ልኮ፣ አስፈርሞ ማስመለስ ይቻላል። ወጪው ሁለት ፖስታ፣ ሁለት ቴምብርና አንድ ወረቀት ነው። ብዙ ሰው ሲነገረው አያምንም። ያመነውም ለአንድ ትልቅ ኮከብ ይልክና ካርዱ ሲቀርበት “ድሮም ውሸት ነው” ብሎ ይተወዋል። መልስ የሚያመጣው ግን ካርዱ አይደለም፤ መቼ፣ ለማንና እንዴት እንደተጻፈ ነው። እዚህ ዋሽንግተን አካባቢ ሆኜ ለዓመታት ስጽፍ ያየሁትንና ከቀደሙኝ ሰብሳቢዎች የሰማሁትን ላካፍላችሁ።

የሜጀር ሊግ ተጫዋች በዋናው ውድድር 162 ጨዋታ ይጠብቀዋል። ዛሬ ዋሽንግተን፣ ከነገ ወዲያ ሎስ አንጀለስ ነው። በስታዲየሙ አድራሻ የመጣለት ደብዳቤ መልበሻ ክፍል ውስጥ ይከመራል፤ ከጉዞ ደክሞ የመጣ ሰው ደግሞ ክምር ለመፍታት አቅም የለውም። ስለዚህ ነባር ሰብሳቢዎች የሚጠብቁት ፌብሩዋሪን ነው። በፌብሩዋሪ አጋማሽ 30ዎቹም ቡድኖች ለቅድመ ውድድር ልምምድ ይወጣሉ፤ 15ቱ ፍሎሪዳ፣ 15ቱ አሪዞና ይከትማሉ። የእኛው ናሽናልስ ዌስት ፓልም ቢች ነው የሚወርደው። እዚያ የሚደረጉት ጨዋታዎች ነጥብ አይያዝባቸውም፣ ተጫዋቹም ከልምምድ በኋላ ፋታ ያገኛል። ኳስ ወርዋሪዎቹ ፒቸሮችና ተቀባዮቻቸው ካቸሮች ከሌሎቹ ቀድመው ይገባሉ፤ ለእነሱ የሚጻፈው ደብዳቤም ቀድሞ መድረስ አለበት። ማርች መጨረሻ ላይ ዋናው ውድድር ሲጀመር በሩ ተዘጋ በሉት።

አሁን የምለውን ጀማሪ ሰብሳቢ መስማት አይወድም። ኮከቡን ተዉት። ዛሬ በየቴሌቪዥኑ የሚታየው ልጅ የሚጎርፍለትን ደብዳቤ ራሱ ላይከፍተው ይችላል፤ ፊርማውም በውል ለካርድ አምራቾች የተሸጠ ሊሆን ይችላል። አፐር ዴክ እ.ኤ.አ. በ1990 ሬጂ ጃክሰን የፈረመባቸውን 2,500 ካርዶች በእሽጎች ውስጥ በትኖ ካወጣ ወዲህ ፊርማ ራሱን የቻለ ሸቀጥ ሆኗል። ከእሽግ ከሚወጡት መካከል ተጫዋቹ ዓይቷቸው የማያውቅ ካርዶች አሉ፤ እሱ የፈረመው ግልጽ ተለጣፊ ላይ ነው፣ ካርዱ ላይ የሚለጥፈው ኩባንያው ነው። እኔ እንዲህ ያለውን ካርድ በነጻ ቢሰጡኝም ልቤ አይነሳሳም።

ለተረሳው ጻፉ። በ1970ዎቹ ሁለት ሰሞን ተጫውቶ፣ ትከሻው ተጎድቶ ወደ አገሩ ከተመለሰው ፒቸር የበለጠ መልስ የሚሰጥ ሰው የለም። ካርድ አምራቹ ቶፕስ እ.ኤ.አ. በ1975 ያወጣው ስብስብ 660 ካርዶች አሉት። ዛሬ ስማቸው የሚነሳው ጥቂቶቹ ናቸው፤ የቀሩት እንዲህ ያሉ ሰዎች ናቸው። ኑሯቸውን በኢንሹራንስ ሽያጭ፣ በመምህርነት፣ በእርሻ የመሩ አሉ። ከአሥርት ዓመታት በኋላ ያን ካርድ ይዞ የሚመጣ ፖስታ ሲደርሳቸው ምን እንደሚሰማቸው የሚያሳውቀው መልሳቸው ነው። ፈርመው ብቻ አይመልሱም። አንዱ፣ የመጀመሪያ ጨዋታውን ያሸነፈ ዕለት ዝናቡ እንዴት እንዳስጨነቀው በሚንቀጠቀጥ እጅ ገጽ ሙሉ ጽፎልኛል። ለእኔ ያ ወረቀት ከፊርማው ይበልጣል። አድራሻቸውን ፍለጋ ብዙ መድከም አያስፈልግም፤ ጃክ ስሞሊንግ የተባለው የአዮዋ ሰብሳቢ የተጫዋቾችን አድራሻ በመጽሐፍ እያሳተመ ለሰብሳቢዎች ትውልድ መንገድ ጠርጓል። አድራሻው ግን ለደብዳቤ ነው። በር ሊያንኳኳ የሚሄድን ሰው ከእኛ ወገን አልቆጥረውም።

ከትልልቆቹም ቢሆን ለፊርማ ክብር የነበራቸው ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2023 ያረፈው የባልቲሞሩ ብሩክስ ሮቢንሰን ለጠየቀው ሁሉ በመፈረም ይታወቅ ነበር። እዚሁ ዋሽንግተን ሴናተርስ ውስጥ ጀምሮ ቡድኑ ወደ ሚኔሶታ ሲዛወር አብሮ የሄደው፣ 573 ሆምረን የመታው ሃርሞን ኪለብሩ ደግሞ ስሙን ፊደል በፊደል እንዲነበብ አድርጎ ይጽፍ ነበር። ቶሪ ሃንተርን የመሰሉ ወጣቶች ጭረት ጣል አድርገው ሲያልፉ አስቁሞ ይገስጻቸው ነበር፤ ስምህ ካልተነበበ ማን እንደፈረመ በምን ይታወቃል ነው ነገሩ። በሌላ በኩል የቅርጫት ኳሱ ቢል ራስል ለብዙ ዓመታት ፊርማ አልሰጥም ብሎ ኖሯል። እሱንም አከብረዋለሁ። ማንም ለማንም ፊርማ ዕዳ የለበትም፤ ይህን ያልተቀበለ ሰው በዚህ ሥራ አይዘልቅም።

ደብዳቤው በእጅ ይጻፍ፣ ከግማሽ ገጽም አይለፍ። “ታላቅ አድናቂዎ ነኝ” የሚለውን ሁሉም ይጽፈዋል። ስለ ሰውየው አንድ እውነተኛ ነገር፣ ስለ ራሳችሁም አንድ እውነተኛ ነገር ይኑርበት። እኔ ቤዝቦልን ያወቅሁት አገር ቤት ሳይሆን እዚህ ከመጣሁ በኋላ፣ አዋቂ ሆኜ ነው፤ ይህንኑ እነግራቸዋለሁ። በሩጫና በእግር ኳስ ፍቅር ያደገ ሰው ጨዋታቸውን ዘግይቶ መውደዱ ደስ ይላቸዋል መሰለኝ፣ ስለ ኢትዮጵያ የሚጠይቁኝ አሉ። አበበ ቢቂላን በስም ያነሳልኝም አለ። እዚህ ተወልደው ቤዝቦል የሚጫወቱ የአበሻ ልጆች ያሏችሁ ወላጆች፣ ደብዳቤውን ልጁ ራሱ ይጻፈው፤ ፊደሉ ቢንጋደድ አታርሙት።

ካርዱም ዝግጅት ይፈልጋል። የዘመኑ ካርድ ፊቱ ያንጸባርቃል፤ ሻርፒ የተባለው ማርከር ሲያርፍበት ቀለሙ ይንሸራተትና ሳይደርቅ ይሰባበራል፣ መስመሩ መሐል ላይ ነጭ ነጭ ቀዳዳ ይቀራል። ስለዚህ ትንሽ የሕፃን ፓውደር በጥጥ ነክቼ የካርዱን ፊት በስሱ አሸዋለሁ፣ ከዚያ በለስላሳ ጨርቅ እጠርገዋለሁ። ወዙ ሲለቅ ቀለሙ ይይዛል። ጠንካራውን የፕላስቲክ መያዣ ግን አልልክም፤ የማይታጠፍ ፖስታ የፖስታ ቤቱን መለያ ማሽን ያስቸግራል፣ ተጨማሪም ያስከፍላል። ቀጭን ከረጢትና ስስ ካርቶን ይበቃል። ብትጠፋ የምታስለቅሳችሁን ካርድም አትላኩ፤ ሁለት ያላችሁን ላኩ።

ጨዋታው ያለው የመልሱ ፖስታ ላይ ነው። ለሦስት ታጥፎ ውስጥ ይገባል። የራሳችሁን አድራሻ በተቀባይም በላኪም ቦታ ጻፉት፤ ምንም ቢደናቀፍ ወደ እናንተ ይመጣል። በክዳኑ ውስጥ የተጫዋቹን ስም በእርሳስ አስፍሩ፤ ፖስታው ባዶውን የሚመለስበት ጊዜ አለና ከማን እንደመጣ ታውቃላችሁ። ቴምብሩ ፎርኤቨር የሚባለው ይሁን። እ.ኤ.አ. በ2007 በ41 ሳንቲም የተሸጠው የመጀመሪያው ፎርኤቨር ዛሬም ያገለግላል፤ የፖስታ ዋጋ ስንቴ ቢጨምር አይነካውም። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ መልስ ከዓመታት በኋላ የመጣላቸው ሰብሳቢዎች አሉ። አገር ቤት ሆኖ ለሚጽፍ ሰው ደግሞ የኢትዮጵያ ቴምብር ከአሜሪካ ለሚነሳ ደብዳቤ አይሆንም። እዚህ ያለ ዘመድ ግሎባል ፎርኤቨር የሚባለውን ቴምብር ገዝቶ ይላክለት፣ የመልሱም አድራሻ ፖ.ሳ.ቁ. ይኑረው። ጀርመን ላላችሁ ነገሩ ይቀላል፤ የቡንደስሊጋ ክለቦች ተጫዋቾቻቸው የሚፈርሙበትን ካርድ ራሳቸው ያሳትማሉ፣ ከእናንተ የሚጠበቀው ደብዳቤና የመልስ ፖስታ ነው። በአባቱ ኢትዮጵያዊ የሆነው ቴዎዶር ገብረሥላሴ ከ2012 እስከ 2021 ቨርደር ብሬመን በተጫወተበት ዘመን ይህን ያልሞከረ የእኛ ሰው ይቆጨው።

ከዚህ በታች ያለው ሻጮች እንዲነገር የማይወዱት ነው። በፖስታ የተመለሰ ሁሉ ተጫዋቹ የፈረመው አይደለም። በድሮ ጊዜ የታላላቆቹን ስም የሚፈርሙ የመልበሻ ክፍል ሠራተኞች ነበሩ፤ ጸሐፊና ሚስትም ይፈርማሉ። ኦቶፔን የተባለው ማሽንም አለ። በማጉያ መነጽር ስታዩት መስመሩ ከዳር እስከ ዳር እኩል ውፍረት አለው፤ ሲጀምርና ሲጨርስ ነጥብ ጥሎ ይቆማል። የሰው እጅ እየፈጠነ ይሳሳል፣ ሲታጠፍ ይጫናል፣ ሲጨርስ እየሾለ ይወጣል። ሁለት ፊርማ ደራርባችሁ በብርሃን ስታዩ ልክ ለልክ ከገጠሙ በእጅ አልተፈረሙም፤ ሰው አንድን ፊርማ ሁለት ጊዜ በትክክል አይደግምም።

ፎርጅድን በቀን መቁጠሪያ ብቻ መያዝ የሚቻልበትም ጊዜ አለ። የቤዝቦል ኮከቡ ሮቤርቶ ክሌሜንቴ በመሬት መንቀጥቀጥ ለተጎዱ የኒካራጓ ሰዎች እርዳታ ጭኖ ሲሄድ በአውሮፕላን አደጋ የሞተው ዲሴምበር 31 ቀን 1972 ነው። የ1973ቱ የቶፕስ ካርዱ ለሽያጭ የቀረበው ከዚያ በኋላ ነው። እዚያ ካርድ ላይ ፊርማውን ካያችሁ ሻጩን ምንም አትጠይቁት፣ ጥላችሁት ሂዱ። ሌላው ተጫዋች ተርማን መንሰንም ኦገስት 1979 ሞቶ ካርዱ በ1980 ወጥቷል። ሻርፒ የወጣው በ1964፣ ቤብ ሩት የሞተው በ1948 ነው። እስክሪብቶ ኒው ዮርክ ሱቅ ውስጥ መሸጥ የጀመረው በ1945፣ ሉ ጌሪግ የሞተው በ1941 ነው። እንዲህ ዓመትና ዕቃ ማስተያየት ምንም ወጪ የለውም። ኤፍቢአይ በ1990ዎቹ “ኦፕሬሽን ቡልፔን” ብሎ የፎርጅድ ፊርማ መረቦችን ሲበጥስ ከተያዙት ዕቃዎች መካከል የእማሆይ ትሬዛ ፊርማ ያለበት የቤዝቦል ኳስ ተገኝቷል። ፒኤስኤን የመሳሰሉ አረጋጋጮች የሚሰጡት ወረቀትም የባለሙያ አስተያየት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ሲፈረም ቆመው አላዩም።

በሩ እየጠበበ የመጣው በቸርቻሪዎች ምክንያት ነው። በአንድ ፖስታ ብዙ ካርድ አጭቀው፣ በልጅ እጅ የተጻፈ አስመስለው ደብዳቤ ጽፈው፣ የተመለሰውን በማግሥቱ ለሽያጭ የሚያወጡ አሉ። ተጫዋቾቹ ይህን ያውቃሉ። ስለዚህም ነው ብዙዎቹ ከፊርማው በላይ የጠያቂውን ስም የሚጽፉት፤ ስም ያለበት ካርድ ገበያ ላይ ዋጋው ይወርዳል። ከአንድ ወይም ከሁለት ካርድ በላይ አትላኩ፣ በደብዳቤያችሁም ስማችሁን ጨምሮ እንዲጽፍላችሁ ራሳችሁ ለምኑ። ሻጭ እንዳልሆናችሁ የምታሳዩት በዚህ ነው፣ ብዙ መልስ ያመጣልኝም ይህ ልመና ነው።

ካርዱ ተፈርሞ ከደረሳችሁ ደግሞ በዚያው ሳምንት የምስጋና ፖስትካርድ ላኩ። የመልስ ፖስታ አታስገቡበት፣ ምንም አትጠይቁበት።