«ልጄን አይጎዳብኝም ወይ?»

ከዋግ ኽምራ ደጋ አንዲት እናት፥ ሌሊቱን አስም ሲያፍነው ያደረውን ልጅዋን ይዛ ሰቆጣ ከሚገኝ ወጣት የጤና መኰንን ዘንድ ቀረበች እንበል። መድኃኒቱን ከተቀበለች በኋላ፥ «ለመሆኑ ይህ ነገር ልጄን አይጎዳብኝም ወይ?» ብላ ትጠይቃለች። መኰንኑም «አይዞዎት እናቴ፥ ምንም አያደርገው» ብሎ ሊያሰናብታት ይቃጣዋል። ነገሩ ደግነት ይመስላል፤ እውነት ግን አይደለም።

ትንፋሽ ሲያጥር ወዲያው የሚያስተነፍሰው ሳልቡታሞል፥ ሕዝቡ «ፓፍ» የሚለው፥ እጅን ያንቀጠቅጣል፤ ልብንም ያስመታል። ይህስ ቶሎ ያልፋል። ሱስ ያስይዛል የሚባለውም ወሬ ነው። ነገር ግን ልጁ ፓፉን ዕለት ዕለት የሚሻ ከሆነ በሽታው አልተገታም ማለት ነው። ያን ጊዜ የሚታዘዘው በየቀኑ የሚሳበው ስቴሮይድ በአፍ ውስጥ ነጭ ቍስል ሊያወጣ፥ ድምፅንም ሊያጐረንን ስለሚችል፥ ከሳቡ በኋላ ተጕመጥምጦ መትፋት ያስፈልጋል።

ከሁሉ የሚከብደው የቁመት ነገር ነው። በሰሜን አሜሪካ በልጅነታቸው ቡዴሶናይድ ለዓመታት የሳቡ ሰዎች፥ አድገው ሲለኩ ካልሳቡት በ1.2 ሴንቲ ሜትር ያህል አጥረው መገኘታቸው እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ2012 ተገልጿል። ይህን በሰቆጣ መናገር ቀላል አይደለም። መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማስቀረት በ2007 ዓ.ም. የገባው ቃል ኪዳን የተሰየመው በዚሁ ከተማ ስም ነውና። የልጅ ቁመት በሚለካበት አገር፥ መድኃኒቱ ያሳጥራል የሚለውን ቃል ከጎረቤት የሰማች እናት ዕቃውን ብትጥለው አይፈረድባትም። ከመኰንኑ ብትሰማው ግን ከነመጠኑ ትሰማለች፤ ጉድለቱ ከአንዲት ጣት ወርድ አይበልጥም። ያልታከመ አስም ራሱ ዕድገትን እንደሚጎዳ፥ አንዳንዴም እንደሚገድል፥ ደጋግሞ የሚዋጠው ፕሬድኒሶሎንም በአጥንትና በቁመት ላይ ከሚሳበው ይልቅ እንደሚከፋ አብሮ ይነገራታል።

ሞንተሉካስት ስለሚባለው ክኒን ደግሞ የአሜሪካ መድኃኒት ተቈጣጣሪ በ2020 ብርቱ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል፤ ቅዠትና የጠባይ መለወጥ፥ ራስን የመጉዳት ሐሳብም ሊያመጣ ይችላልና። ይህን ቀድማ የምታየው አብራው የምታድረው እናት ናት። ካልተነገራት ግን የክፉ መንፈስ ሥራ ነው ብላ፥ ክኒኑን እያዋጠች ጠበል ለጠበል ትዞራለች።

የቋንቋም ነገር አለ። ኽምጣና ተናጋሪዋ እናት በአማርኛ «እሺ» ማለትዋ ገብቷታል ማለት አይደለም። ዕቃውን በእጅዋ ሰጥቶ «እስቲ እርስዎ ያሳዩኝ» ማለት ከብዙ ንግግር ይሻላል። የግማሽ ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ ቂጡን በስቶ ፓፉን ቢሰኩበት፥ ሕፃኑም በአፈ ጠርሙሱ ቢስብ፥ ከፋብሪካ ከሚወጣው ማሳቢያ እንደማያንስ የደቡብ አፍሪካ ሐኪሞች በ1999 አሳይተዋል። እንዲህ ሲሆን መድኃኒቱ በአፍ ከመቅረት ይልቅ ወደ ሳንባ ይወርዳል። ጠርሙስ ደግሞ ከሰቆጣ ገበያ አይጠፋም።

አያቲቱም አብራ ከመጣች ትግባና ትስማ፤ እኩለ ሌሊት ላይ ፓፉን የምታነሣው እርስዋ ልትሆን ትችላለች።