የጠፋ ናሙና ስንት ያወጣል?

የዛሬ ዋጋ እንደተለመደው ማታ ይወጣል። አሁን የምጽፈው ስለ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ግን ከገበያችን የራቀ አይደለም።

ከትናንት ወዲያ አንዲት የቻናሉ ተከታታይ በውስጥ መስመር ጻፈችልኝ። ቡና ቆልታ፣ ፈጭታ፣ በግማሽ በግማሽ ኪሎ እያሸገች በቴሌግራም ትሸጣለች። ለአንድ ደንበኛዋ ወደ ክፍለ ሀገር የላከችው 8 ኪሎ ካርቶን ጠፋባት። ደንበኛው በቴሌብር የከፈላትን ብር መልሳለታለች። ዕቃውን የተረከባት ድርጅት ግን «እያጣራን ነው» እያለ 23 ቀን አስቆጠረ። «ወንድሜ፣ ልተወው ወይስ የሚገኝ ነገር አለ?» ነው ጥያቄዋ።

«አለ» ብዬ በአንድ ቃል ልመልስላት ነበር። ከዚያ የራሴ ጉድ ትዝ አለኝና ለሁላችሁም ልጻፈው አልኩ። እዚህ ቻናል ላይ ያለን ሰዎች ናሙና ስንልክ ነው የምንኖረው፤ ላኪው ለውጭ ገዢ፣ ዩኒየኑ ለላኪው፣ መሠረታዊ ማኅበሩ ለዩኒየኑ። ከልጅቷ የምንለየው ጥቅላችን ትንሽ፣ ኪሳራችን ግን ትልቅ መሆኑ ብቻ ነው።

አምና የካቲት ላይ ሃምቡርግ ላለ ገዢ ሦስት ናሙና ላክን። ሁለቱ የታጠበ ይርጋጨፌ፣ አንዱ ያልታጠበ ጉጂ፣ እያንዳንዱ 350 ግራም። ከነማሸጊያው 1.4 ኪሎ መዘነ። ቡናው የላኪ ደንበኛዬ ነው፤ እኔ ደላላው ነኝ፣ ቢሮው ድረስ ይዤ ሄጄ ፎርሙን የሞላሁትም እኔው። ለአምስት ቀን ትራኪንጉ ጥሩ ሄደ። ከዚያ አንድ የመሸጋገሪያ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ቆመ። በቃ፣ እዚያው ቀረ። በየቀኑ እከፍተዋለሁ፣ ያው ጽሑፍ ነው። እኔ ደግሞ «ነገ ይንቀሳቀሳል» እያልኩ ለገዢው ተስፋ እሰጣለሁ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ድርጅቱ ሄድኩ። መስኮት ላይ ያለችው ሠራተኛ ትሑት ናት፣ እውነት ለመናገር። ኮምፒውተሯን አየችና «ጥቅሉ አልተገኘም፤ ካሳ መጠየቅ ይችላሉ» አለችኝ። ደስ አለኝ። ቀጥላ፣ «ግን የጻፉት ዋጋ 5 ዶላር ነው» አለች።

«እሱማ ለጉምሩክ ብለን ነው» አልኳት።

«ወንድም፣ እኛ የምናየው የተጻፈውን ነው።»

ገዢው በሳምንቱ ከሌላ አገር ያገኘውን ቡና ያዘ። በኛ በኩል የታሰበው አንድ ኮንቴይነር ነበር፣ 320 ጆንያ፣ 19.2 ቶን። አንድ ኪሎ ገደማ ናሙና ጠፋና ይሄ ሁሉ አብሮ ሄደ። ደንበኛዬ ቡናውን በኋላ ሸጦታል፤ ግን ዋጋው ወርዶ፣ የባንክ ወለዱም እየቆጠረበት። የኔ ኮሚሽን ነገርማ አይነሳ።

ያን ሰሞን ተናድጄ ድርጅቱን ስረግም ከረምኩ። ንዴቴ ሲበርድ ግን ከዋይቢሉ ጀርባ ያለችውን ጥቃቅን ጽሑፍ ቁጭ ብዬ አነበብኩ፤ የሚያውቁ ሰዎችንም ጠየቅኩ። ያኔ የገባኝን ነው የምነግራችሁ።

የአየር ጭነት ዋይቢል ላይ ለዋጋ ሁለት የተለያዩ ሳጥኖች አሉ። አንዱ ለጉምሩክ የሚገለጽ ዋጋ ነው፣ ሌላው ለማጓጓዣ የሚገለጽ ዋጋ። እኛ ሁለቱን አንድ አድርገን ነው የምናያቸው። የመጀመሪያው ተቀባዩ አገር ላይ ቀረጥ ለማስላት ነው፤ ናሙና የንግድ ዋጋ የለውም ተብሎ እዚያ ላይ ቢጻፍ የተለመደ ነው። ሁለተኛው አጓጓዡ ዕቃውን ቢያጠፋው እስከ ስንት እንደሚጠየቅ የሚወስን ነው። ይህኛውን ባዶ ከተዋችሁት ወይም «የተገለጸ ዋጋ የለም» ተብሎ ከተሞላላችሁ ካሳው የሚሰላው በክብደት ጣሪያ ነው። የፈጣን መልእክት ድርጅቶች ፎርም ላይ ደግሞ ሁለተኛው ሳጥን አንዳንዴ «ኢንሹራንስ ይፈልጋሉ?» በምትል ጥያቄ ተተክቶ ይገኛል። ሁላችንም ሳናነብ «አይ» እንላለን።

የክብደት ጣሪያው ከየት መጣ ካላችሁ፣ በዓለም አቀፍ የአየር ጭነት የሚገዛው የ1999 የሞንትሪያል ስምምነት ነው። ጭነት ሲጠፋ፣ ሲበላሽ ወይም ሲዘገይ የአጓጓዡ ኃላፊነት በኪሎ እስከ 26 ኤስዲአር ነው። ይህ ቁጥር ከታኅሣሥ 2017 ጀምሮ የሚሠራው ነው፤ ከዚያ በፊት 22 ነበር። ኤስዲአር ማለት የዓለም የገንዘብ ድርጅት የሒሳብ መለኪያ ነው፤ አንዱ ከአንድ ዶላር ከፍ ይላል። የኔን 1.4 ኪሎ በ26 ብታባዙት 36.4 ኤስዲአር፣ ወደ 50 ዶላር አካባቢ ይሆናል። ልብ በሉ፣ ይህ ጣሪያ ነው። ማንም ተነስቶ 50 ዶላር አይሰጣችሁም፤ ዕቃው ያን ያህል እንደሚያወጣ ማሳየት አለባችሁ። እኔ ደግሞ በገዛ እጄ 5 ብዬ ጽፌያለሁ።

በዚያው ስምምነት ላኪው ዕቃውን ሲያስረክብ የተለየ ዋጋ ካስመዘገበና የተጠየቀውን ተጨማሪ ክፍያ ከከፈለ ጣሪያው ወደዚያ ዋጋ ከፍ ይላል። አጓጓዡ መከራከር የሚችለው የተመዘገበው ከእውነተኛው ጥቅም ይበልጣል ብሎ ካስረዳ ነው። ስለዚህ የካሳው ነገር የሚወሰነው ዕቃው ሲጠፋ ሳይሆን መስኮቱ ጋ ቆማችሁ ስትሞሉ ነው።

ታዲያ ኮንቴይነሩስ? ያመለጠኝ ሽያጭስ? እዚህ ላይ ራሳችንን ባናታልል ጥሩ ነው። የአብዛኞቹ ድርጅቶች ውል የቀረ ትርፍን፣ ያመለጠ ገበያን አይከፍልም፤ በግልጽ ተጽፏል። ክብደት ላይ የተመሠረተው ጣሪያም ያንን አይሸከምም። ከናሙና ካሳ የሚገኘው ቢበዛ የቡናው ዋጋና የላካችሁበት ሒሳብ ነው። የላካችሁበት ሒሳብ ግን ቀላል አይደለም፤ በፈጣን መልእክት ለሚሄድ ናሙና ክፍያው ከቡናው ዋጋ ብዙ እጥፍ ነው። እኔ መጀመሪያ ጭራሽ አልጠየቅኩትም ነበር። በኋላ በጽሑፍ ጠየቅኩ፣ መለሱልኝ። 5 ዶላሯንም ጨምረው፣ ይመስገናቸው።

በፖስታ የምትልኩ ሰዎች ደግሞ ሌላ ሕግ ነው ያላችሁ። የሞንትሪያሉ ስምምነት ለፖስታ ጥቅል ለላኪው በቀጥታ አይሠራም፤ አየር መንገዱ የሚጠየቀው በፖስታ አስተዳደሩ ነው። እናንተ የምትጠይቁት የላካችሁበትን ፖስታ ቤት ነው፣ በዓለም ፖስታ ኅብረት ደንብ። በዚያ ደንብ ለጠፋ ተራ ጥቅል ጣሪያው 40 ኤስዲአር ሲሆን በየኪሎው 4.50 ይጨመርበታል። ለምሳሌ 5 ኪሎ ጥቅል ቢሆን እስከ 62.5 ኤስዲአር ማለት ነው። ዋጋው ተገልጾ ኢንሹራንስ የተከፈለበት ከሆነ ደግሞ እስከ ተገለጸው ዋጋ። ጥያቄው መቅረብ ያለበት ዕቃው ከተላከበት ማግስት ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ነው። ለቀላል ጥቅል፣ ጊዜም ለሌለው ሰው፣ ከኔ 5 ዶላር ይሻላል። ናሙና ግን ጊዜ ይፈልጋልና ብዙዎቻችሁ ፈጣኑን እንደምትመርጡ አውቃለሁ።

አሁን ወደ አገር ውስጥ ልመለስ፤ ልጅቷ የጠየቀችኝም ስለዚያ ነው።

ታናሽ እህቴ ከአዲስ አበባ ሽሮ፣ በርበሬና የተቆላ ቡና በኦንላይን ትሸጣለች። መጀመሪያ ላይ የምትልከው እንደ ሁላችንም ነበር፤ መናኸሪያ ሄዳ፣ ለረዳቱ ሁለት መቶ ሦስት መቶ ብር ሰጥታ፣ የመኪናውን ታርጋና የረዳቱን ስልክ ጽፋ። ርካሽ ነው፣ በማግስቱ ይደርሳል። አንድ ቀን ግን የረዳቱ ስልክ ተዘጋ። መናኸሪያ ሄዳ ብትጠይቅ «እሱ ልጅ እኛ ጋ አይሠራም» አሏት። ደረሰኝ የለ፣ ምስክር የለ። ምን ብላ ትከሰስ? (የመሠረታዊ ማኅበር ሰዎች፣ ከይርጋጨፌና ከጅማ ናሙና በሚኒባስ የምትልኩ፣ እናንተንም ነው የማወራው።)

ከዚያ በኋላ ደረሰኝ በሚሰጥ ድርጅት መላክ ጀመረች። ወደ ድሬዳዋ የላከችው 12 ኪሎ ካርቶን ጠፋ። ድርጅቱ መጀመሪያ ያሳያት ከደረሰኙ ጀርባ የተጻፈውን ነው፤ ዋጋው ላልተገለጸ ዕቃ የሚከፈለው የላኩበት ሒሳብ የተወሰነ እጥፍ ብቻ ነው ይላል። እሷ ግን ስታስረክብ አስቸግራ ፊት ለፊቱ ላይ የዕቃውን ዓይነትና ዋጋ አስጽፋ ነበር። ሠራተኛው «አያስፈልግም እህቴ» ቢላትም «ለኔ ያስፈልገኛል» ብላ ቆማ አስጻፈችው። እንደ እህቴ ቆራጥ ብሆን እኔም አምና አልጎዳም ነበር።

ደብዳቤዋን አይቼዋለሁ፣ አንድ ገጽ አይሞላም። የደረሰኝ ቁጥርና ቀን፣ ክብደት፣ ውስጡ ያለው ዕቃ ከነዋጋው፣ ተቀባዩ እንዳልደረሰው የጻፈላት መልእክት፣ ደንበኛው የከፈለበት የቴሌብር ማረጋገጫ፣ የምትጠይቀው ብር በቁጥርና በፊደል፣ በ15 ቀን መልስ እንዲሰጧት። «በደረሰብኝ ከፍተኛ የሞራል ጉዳት» ምናምን የሚል የለበትም። ሁለት ኮፒ ይዛ ሄደች፤ አንዱን ሰጠች፣ ሌላው ላይ «ገቢ ሆኗል» ተብሎ ማኅተም አስመታች። ሁለት ወር ፈጀ፣ ሦስቴ ተመላልሳለች፣ ግን የተጻፈውን ዋጋ ሙሉ ከፈሏት። ትርፏን አይደለም፣ የዕቃውን ዋጋ።

ከዚህ ሁሉ ማኅተሟ ናት ትልቋ። ስልክ መደወል አቤቱታ አይደለም። እኔ አምና ለሥራ አስኪያጁ ስምንቴ ደውያለሁ፣ በመጨረሻ «በጽሑፍ ያቀረቡት ነገር የለም» ነው ያሉኝ።

ቀኑም ያው ነው። በአየር ጭነት ዕቃው ተበላሽቶ ከደረሰ ተቀባዩ በተረከበ በ14 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት፤ ከዘገየ ደግሞ በ21 ቀን። ክስ ለመመሥረት ያለው ጊዜ 2 ዓመት ነው። አንድ የማውቀው የሰሊጥ ነጋዴ ወደ እስራኤል የላከው ናሙና ከረጢቱ ተቀዶ ግማሹ ፈስሶ ደረሰ። ገዢው ፈርሞ ተረከበ፣ በሦስተኛው ሳምንት ለነጋዴው ነገረው። አለቀ። ስለዚህ ጥቅሉ ሳይደርስ በፊት ለገዢው «ሲደርስህ ክፈትና ፎቶ አንሳ፣ የተቀደደ ከሆነ ስትፈርም እዚያው ጻፍበት» ብላችሁ ላኩለት። የጠፋ ከሆነ ደግሞ የድርጅቱን ውል እዩ፤ ለአቤቱታ 30 ቀን ብቻ የሚሰጡ አሉ።

እኔ አሁን ምን አደርጋለሁ? ከአንድ ሎት ናሙና ሲወጣ ሦስት ቦታ አስከፍላለሁ፤ አንዱ ይሄዳል፣ አንዱ ታሽጎ ቢሮ ይቀመጣል፣ አንዱ ላኪው ጋ። ትራኪንጉ አራት ቀን አንድ ቦታ ከቆመ አልጠብቅም፤ ሁለተኛውን በሌላ ድርጅት እሰዳለሁ፣ ለገዢውም ያኔውኑ አዲሱን ቁጥር እልክለታለሁ። የመጀመሪያው በኋላ ቢደርስ ችግር የለውም፣ ሁለቴ ይቀምሰው። ትልቅ ሎት የተንጠለጠለበት ከሆነ ደግሞ ዋጋ አስመዝግቤ ተጨማሪውን እከፍላለሁ፤ ደንበኞቼ መጀመሪያ አጉረመረሙ፣ አሁን ለምደውታል።

ልጅቷን የደረሰኟን ፊትና ጀርባ ፎቶ አንስታ እንድትልክልኝ ጠየቅኳት። ላከች። ፊቱ ላይ ክብደቱ አለ፣ «ቡና» ይላል፣ ዋጋ የለም። ጀርባው ላይ አቤቱታ በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ይቅረብ ይላል። እስካሁን በስልክ ብቻ ነው የጠየቀችው፤ ዛሬ 25ኛ ቀኗ ነው። ዋጋው ደረሰኙ ላይ ባይኖርም የደንበኛው የቴሌብር ክፍያና የትዕዛዙ መልእክት እጇ ላይ ነው፤ እነሱን አያይዛ ደብዳቤውን ነገ ጠዋት ይዛ ትሄዳለች። የድርጅቱን መልስ ስትነግረኝ እዚሁ እጽፋለሁ።

ማታ ሁለት ሰዓት ላይ በዋጋ እንገናኝ።