ስንጥቅ ሳያሳይ የሚወድቅ ጣሪያ

በ2018 (እ.ኤ.አ.) በእንግሊዟ ኬንት የአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጣሪያ ተደረመሰ። ደግነቱ ቅዳሜና እሁድ ነበር፤ ተማሪ አልነበረም። ጣሪያው የተሠራው «ራክ» ከሚባለው፣ ውስጡ የአየር ቀዳዳ ከበዛበት ቀላል ኮንክሪት ነው። ውሃ ሲሰርግበት ፌሮው ይዝጋል፤ አንዳንዴ ምልክት ሳይሰጥም ይወድቃል። ይህ ኮንክሪት ያለባቸው ከመቶ በላይ ትምህርት ቤቶች ክፍሎቻቸውን እንዲዘጉ የታዘዙት ግን በ2023 ነው፤ ያውም ትምህርት ሊጀመር ቀናት ሲቀሩት!

እኛ ዘንድም አደጋው አይታይም፤ ክፍሉ ያረጀ የጭቃ ቤት ከሆነ፣ ምሰሶው የሚበሰብሰው ወይም ምስጥ የሚበላው ከመሬት ጋር በሚገናኝበት፣ ከልስኑ ሥር ነው። ቀለም መቀባት (ብዙ ጊዜ «ጥገና» የምንለው) ጉዳቱን ይደብቀዋል እንጂ አያስቆመውም። ስለዚህ ምርመራው ግዴታ ይሁን፤ በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ፣ ክፍል ሳይከፈት። ወላጆች፣ ለምዝገባ ስትሄዱ ሕንፃው መቼ እንደተመረመረ ጠይቁ።